ለጥናቱ ብቻ ነው የማውቃቸው

ፍቅርተ ያን ቀን ባትዋሸው ኖሮ የሺዋስን ምናልባት ረስተነው ነበር። አንዱ ጠያቂ መጥቶ፣ ጠይቆ፣ ጽፎ ሄደ ብለን እናልፈው ነበር።

ሰኔ ዘጠና ሦስት ነው። ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት በስምምነት ካበቃ ገና መንፈቁ። እኔ ሰዓዳ እባላለሁ፤ አባቴ ረሻድ ከስልጤ መጥቶ አቃቂ በሰቃ ላይ በከፈተው ሱቅ ውስጥ ነው ያደግኩት። ፍቅርተማርያም ደግሞ ጎረቤቴም የልብ ጓደኛዬም ናት። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስትወጣ ቀጥታ እኔ ጋ ትመጣለች፤ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ትቀመጥና ስኳር በፌስታል እየመዘንን እናወራለን።

ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ቀጭን ወጣት ጃንጥላውን እያጠፈ በሩ ላይ ቆመ።

«ይቅርታ እህቶቼ... የአቶ ተስፋሚካኤልን ቤት ታሳዩኛላችሁ? የባቡር መካኒክ የነበሩት።»

ፍቅርተን አየኋት። ስኳር የምትጨልፍበት እጇ ባለበት ቆሟል። አባቷ ከተወሰደ ወዲህ ያንን ቤት የሚጠይቅ እንግዳ ሰው ደግ ነገር ይዞ መጥቶ አያውቅም።

«ወደ ወንዙ ውረድ» አለችው ፊቷን ሳታዞር። «ወፍጮ ቤቱን ስታልፍ ቀይ የቆርቆሮ በር አለ። እሱ ነው።»

አመስግኖ ሄደ። የእነ ፍቅርተ ቤት ግን ከሱቃችን ፊት ለፊት ነው።

«አንቺ! ምን ነካሽ?» አልኳት።

«ይሂድ። ጭቃው ይመልሰዋል።»

እውነትም መለሰው። ዝናቡ ካባራ በኋላ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ጃንጥላው ተሰብሮ መጣ። ይጮህብናል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብሎ፣

«ቀይ በር የለም» አለ። «ወፍጮ ቤቱ ግን አለ። እዚያ ያሉት እናት፣ አቶ ተስፋሚካኤል አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ቀጠን ያለች፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት፣ አሉኝ።»

ፍቅርተ ሳታስበው እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። እኔ መሳቅ ጀመርኩ። እሷም ከንፈሯን ነክሳ ነክሳ... አልቻለችም፤ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው ሳቋን ውጣ።

«ስድስት ኪሎ ሕግ አስተምራለሁ። የሺዋስ እባላለሁ። የማጠናው ዓለም አቀፍ ሕግ ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በሀገርና በሀገር መካከል ያለ ሕግ።»

«በሀገርና በሀገር መካከል ሕግ አለ እንዴ? እኛ ያየነው መድፍ ብቻ ነው።»

ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«መኖር አለበት ብለን የምንጽፍ ጥቂቶች ነን» አለ።

ጋሽ ተስፋሚካኤል የተወለደው ኤርትራ፣ ደቀምሐረ ነው። በልጅነቱ ባቡር ላይ ሥራ አግኝቶ አቃቂ መጣ፤ የአቃቂዋን እትዬ አሰለፈችን አግብቶ ፍቅርተን ወለደ። በሰማንያ አምስት የኤርትራ ሪፈረንደም ሲመጣ ከረባቱን አሥሮ እዚሁ አዲስ አበባ ሄዶ ድምፅ ሰጠ። «የተወለድኩበት ነው፤ ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው» ነበር ያለው። ከመለሰ በኋላ ተመልሶ ቱታውን ለበሰና ሥራው ገባ። ማንም ምንም አላለውም። ጦርነቱ ሲነሳ ግን «ያን ድምፅ የሰጠህ ቀን የሌላ ሀገር ሰው ሆነሃል» ተባለ። ከሥራ ቦታው፣ ቱታውን እንደለበሰ ወሰዱት። ልጁን እንኳ አልተሰናበተም። በአውቶቡስ ድንበር መሻገሩን የሰማነው ከሰው ነው።

«ሰው ድምፅ ስለሰጠ ብቻ ሀገሩን ያጣል ወይ? የጥናቴ ጥያቄ ይኼ ነው» አለ የሺዋስ። «ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ ከተባልን ገና ጥቂት ዓመታችን ነው። ሕገ መንግሥቱ ማንም ያለፈቃዱ ዜግነቱን አይነጠቅም ይላል። የዓለሙም ሕግ የሚለው አለው። ግን የሰዎቹን ታሪክ ይዞ የጻፈ የለም።»

«ብትጽፈው አባቴ ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

«ታዲያ ምን ይሠራልናል?»

«አልሆነም እንዳይባል።»

ይመለሳል ብሎ ቢያባብላት ታባርረው ነበር። አይመለስም ስላላት ነው ተነስታ መንገዱን ያሻገረችው። «እማዬ፣ እንግዳ አለሽ» ስትል ሰማኋት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲመጣ የሺዋስም ይመጣል። እትዬ አሰለፈች ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ባሏ የሚጠይቃት አጥታ ስለነበር አንዴ ጀምራ ማቆም አቃታት። እሱም አያቋርጣትም። ስታለቅስ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፤ ስትጨርስ ያነሳል። ፍቅርተ ይህንን አየች። የወደደችው በዚህ ይመስለኛል።

ክረምቱ ሲወጣ ጥያቄው አለቀ። የሺዋስ ግን መምጣቱን አልተወም። ሁለቱ ከሐዲዱ ዳር ዳር እስከ ጣቢያው እየሄዱ ይመለሳሉ። ያወሩትን ሁሉ ማታውን አምጥታ ትነግረኛለች፤ ጉንጯ እየቀላ።

«ሰዓዳ፣ ምን አለኝ መሰለሽ? 'ሀገር አልባ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ ትናንት ስጽፈው አንቺ ታየሽኝና እጄ እምቢ አለኝ' አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«እኔ ሀገር አለኝ አልኩት። 'የት?' አለኝ። 'እዚህ የቆምኩበት' አልኩት። 'ካጠገብሽ ልቁም?' አለኝ...»

«እና?»

«ጭቃ ነው አልኩት። 'ለምጄዋለሁ' አለኝ።»

ወላሂ ቀናሁባት! ግን ደስ አለኝ።

በኅዳር ጥናቱን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በጉባኤ ሊያቀርብ ሆነ። ፍቅርተ ሳይጠራት ሄዳ ልታስደንቀው ፈለገች። አዲስ ቀሚሷን ለበሰች፤ እኔን ጎትታ ስድስት ኪሎ ወሰደችኝ። ከኋላ፣ ከተማሪዎቹ መሐል ተቀመጥን።

የሺዋስ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ስለ ስምምነቶችና ስለ ፍርዶች ነው፤ ብዙም አልገባንም። ቀጥሎ ድምፁ ለወጥ አለ። «አንድ የባቡር መካኒክ ነበር» አለ። «ከረባቱን አሥሮ ድምፅ ሰጠ፤ ቱታውን እንደለበሰ ተወሰደ...» ፍቅርተ እጄን ጨመቀችው። ስለ አባቷ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲነገር ሰምታ አታውቅም።

ሲጨርስ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ምሁር እጃቸውን አወጡ።

«አቶ የሺዋስ፣ ይህ ሕግ ነው ወይስ እንጉርጉሮ? ወደ አቃቂ እንደሚያዘወትሩ፣ ከዚያ ቤት ልጅ ጋርም እንደሚታዩ ይወራል። ታዲያ ይኼ ጥናት ነው ወይስ የወዳጅ ምስክርነት?»

አዳራሹ ሳቀ። የሺዋስ ላቡን ጠረገ። ወረቀቱን አየ፤ ሰዎቹን አየ።

«ቤተሰቡን ለጥናቱ ብቻ ነው የማውቃቸው» አለ።

ፍቅርተ ተነሳች። ወንበሩ ሲንቋቋ ሁሉም ዞረ፤ እሱም ቀና አለ። ያን ጊዜ ነው ያያት። እጇን ይዤ ወጣን።

ታክሲ ውስጥ ሳሪስን ስናልፍ ወደ መስኮቱ ዞራ፣

«ሰዓዳ...» አለችኝ። «ያደረገውን ሸሚዝ የተኮስኩለት እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ መጣ። በሩ አልተከፈተለትም። ቅዳሜ መጣ፤ እትዬ አሰለፈች በመስኮት «ልጄ፣ እሷ ሳትል አልከፍትልህም» አለችው። በሦስተኛው ጊዜ እኔ ሱቅ ውስጥ አገኛት።

«ፍቅርተ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ...»

«ለጥናት ብቻ የምታውቃቸው ሰዎች ሰፈር ምን ትሠራለህ? ጥናቱ አለቀ አይደል?»

«እውነቱን ብናገር የአባትሽን ነገር የፍቅረኛ ወሬ ነው ብለው ይጥሉት ነበር!»

«ይጣሉት! መጣልን ለምደነዋለን። መካድን ግን ካንተ አልጠበቅኩም።»

ባንኮኒውን ተደግፎ፣

«ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አለ። «ካሳሁን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። በዘጠና ሁለቱ ግንቦት፣ በውጊያው ወደቀ። ሬሳው አልመጣም። እናቴ እስካሁን ከል እንደለበሰች ናት። ይኼን ርዕስ የያዝኩ ቀን 'ለገዳዮቹ ልትሟገት ነው?' ብላ እህል አልቀምስም አለች። ከእሷ ተጣልቼ ነው የጻፍኩት። ከፊቴ የተቀመጡትም ያውቃሉ፤ 'ወንድሙን ሸጠው' የሚሉኝ አሉ። ያን ቀን እንዲያምኑኝ ፈለግኩ... አንዴ ብቻ እንዲያምኑኝ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።»

«ለምን ደበቅከኝ?» አለች ፍቅርተ። ድምፏ ተለውጧል።

«እንዳትፈሪኝ። 'እነ አባቴ ናቸው የገደሉት ብሎ ያስብ ይሆን' ብለሽ እንዳትፈሪኝ።»

ይህን ብሎ ባንኮኒው ላይ ተደፋና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ፍቅርተ አየችው፤ አየችው... ከዚያ እጇን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈች።

«በቃ... ተነስ። የሰዓዳን ስኳር አረጠብከው።»

ታረቁ። ከፋሲካ በኋላ ለመጋባት ተስማሙ። ፍቅርተ ግን «እናትህ ሳያዩኝ አይሆንም» አለች። የካሳሁን መርዶ የተሰማበት ቀን ሲታሰብ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሳሪስ እናቱ ቤት ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ።

እትዬ አለሚቱ ጥቁር ለብሰው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ፍቅርተ ጉልበታቸውን ስማ ቁጭ አለች።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

«የተስፋሚካኤል፣ እማማ።»

«አባትሽ ያ... ወዲያ ማዶ የተሻገረው?»

«አዎ። እሱ ወዲያ ነው፤ እኛ ወዲህ ነን።»

ሴትዮዋ እጃቸውን አሹ።

«ልጄ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽኝም። አውቃለሁ። ግን ስምሽ በተነሳ ቁጥር የማየው ካሳሁንን ነው። ልዋሽሽ አልችልም። ቤቴ አትግቢ።»

የሺዋስ «እማዬ!» ብሎ ተነሳ። ፍቅርተ በዓይኗ አስቀመጠችው። «እሺ እማማ» ብላ እንደገና ጉልበታቸውን ሳመች፤ ወጣን። መንገድ ላይ «እውነት ነው የነገሩኝ» አለችኝ። «እውነት የነገረኝን ሰው አልጠላም።»

ጊዜ ይፈታዋል ብለው ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ ግን ከቀይ መስቀል መልእክት መጣ። ጋሽ ተስፋሚካኤል ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል። አሥመራ በኪራይ ክፍል ብቻውን ተኝቷል። የሚጽፍለት ጎረቤት ነው፤ የሚያጎርሰውም ጎረቤት ነው።

እትዬ አሰለፈች ሰምታ እንደጨረሰች ተነስታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። «እሄዳለሁ» አለች። ቀይ መስቀል ቤተሰብ የሚያሻግርበት ጉዞ እንዳለ ያውቃሉ። ግን ጉልበቷ ደህና አይደለም፤ ቋንቋውን አታውቅም፤ ያንን የሚያህል ሰው አንስታ የምታስተኛበት አቅም የላትም።

ያን ቀን ከሰዓት የሺዋስና ፍቅርተ ደጃፋችን ላይ ቆሙ። እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ፤ ላልሰማም አልችልም ነበር።

«ከተሻገርሽ መመለሻ የለሽም» አላት። «መንገዱ ዝግ ነው። ስልክ የለም። ልመለስ ብትዪ ምን እንደሚባል አውቃለሁ ፍቅርተ፤ ሙያዬ ነው።»

«ሕጉ አባትሽን ተዪ ይላል?»

«አይልም።»

«ምን ይላል?»

ፊቱን አዞረ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«ቤተሰብ አይለያይ ይላል» አለ።

«ታዲያ እኔም የማደርገው እሱን ነው።»

«እኔስ? እኔ ቤተሰብሽ አይደለሁም?»

ደረቱ ላይ ወደቀች። «ነህ...» ስትል ብቻ ሰማሁ። «ነህ፣ ነህ፣ ነህ...»

«እንግዲያው ነገ እንጋባ። ሚስቴ ሆነሽ ሂጂ።»

«አይሆንም። አንተን አሥሬ አልሄድም። መንገዱ ቢከፈት እመጣለሁ። ካልተከፈተ ደግሞ... ሰው ሁን፤ ኑር።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«በጥናትህ ላይ አባቴን 'አንድ መካኒክ' አትበለው። ሙሉ ስሙን ጻፈው።»

የሄዱት በግንቦት ነው፤ በማለዳ። አውቶቡሶቹ ተደርድረዋል፤ ሰው ሁሉ ተቃቅፎ ያለቅሳል። እትዬ አሰለፈች ገብታ ተቀምጣለች። ፍቅርተ እግሯን ደረጃው ላይ ልታደርግ ስትል አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ሰዉን እየገፉ መጡ። የየሺዋስ እናት ናቸው። እንደሚመጡ እሱም አያውቅም ነበር።

«ቤቴ አትግቢ ያልኩሽ ሴት ልለምንሽ መጣሁ» አሏት። ከጉያቸው የካሳሁንን ፎቶ አወጡ፤ ወታደር ልብስ ለብሶ ይስቃል። «የወደቀው ማዶ ነው ይላሉ። ያየው ሰው ካለ... አፈር ያለበሰው ካለ... እባክሽ ጠይቂልኝ።»

ፍቅርተ ፎቶውን በሁለት እጇ ተቀብላ አየችው። ከዚያ መለሰችላቸው።

«ይኼንን ኬላ ላይ ይነጥቁኛል እማማ። ስሙን ልያዝ። ስሙን ማንም አይወስድብኝም።»

አለሚቱ አቅፈው ሳሟት። የሺዋስ አጠገባቸው ቆሟል። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ መዳፉን መስታወቱ ላይ አድርጎ እስከሚችለው ድረስ አብሮ ሄደ። ከዚያ አስፋልቱ መሐል ቀረ።

ድንበሩ ላይ ያለውን የመረብን ድልድይ እንዴት እንደተሻገሩ ኋላ ነው የነገረችኝ። ወዲህ ማዶ ወታደር፣ ወዲያ ማዶ ወታደር፣ መሐሉ ባዶ። እናቷ ጉልበቷን ስላመማት ድልድዩ መካከል ቆመች። «ልጄ፣ አሁን የማን ሀገር ላይ ነን?» አለቻት። ፍቅርተ የሺዋስ ቢኖር ይህን ይመልስ ነበር ብላ አሰበች። «እማዬ፣ ተደገፊኝ» አለቻትና አሻገረቻት።

አባቷን ሦስት ዓመት አስታመመችው። ሲያርፍ በቀይ መስቀል በኩል ለየሺዋስ አጭር መልእክት መጣለት። «አባዬ አረፈ። መንገዱ አልተከፈተም። አትጠብቀኝ። አግባ።» ሱቃችን ውስጥ ነው ያነበበው። ሁለት ጊዜ አንብቦ ኪሱ ከተተው።

አላገባም። ዓመት አለፈ፤ ሌላ ዓመትም። ጥናቱ መጽሐፍ ሆነ፤ የተስፋሚካኤል ሙሉ ስም አለበት። ተማሪዎች አፈራ፤ ዶክተር ተባለ። ዘግይቶ አንዲት ደግ አስተማሪ አገባ። ሠርጉ ላይ ተገኝቻለሁ፤ ፈገግታው እውነት ነበር፤ ዓይኑን ግን ከእኔ ዓይን ይሸሽ ነበር።

መንገዱ የተከፈተው በሁለት ሺህ አሥር ክረምት ነው። አውሮፕላን መብረር፣ ስልክ መደወል ጀመረ። በመስከረም አንዲት ሴት ሱቃችን በር ላይ ቆመች። ግንባሯ ላይ ጠባሳ አላት።

ጮህኩ! ጎረቤት እስኪወጣ ጮህኩ!

እናቷ አሥመራ ከአባቷ ጎን አርፋለች። እሷም እዚያ አግብታለች፤ ልጅ አላት። የመጣችው ለሳምንት ነው።

መጀመሪያ የሄደችው ሳሪስ ነው። እትዬ አለሚቱ አርጅተው አልጋ ላይ ናቸው።

«አላገኘሁትም እማማ» አለቻቸው። «ብዙ ሰው ጠየቅኩ። ግን የአባቴን ዓመት ባወጣሁ ቁጥር የካሳሁንን ስም አብሬ አስጠርቻለሁ። አንድም ዓመት አልዘለልኩም።»

አሮጊቷ እጇን ይዘው አልለቅ አሉ። «ዛሬ ቤቴ እደሪ» አሏት። አደረች።

የሺዋስን ያገኘችው በማግሥቱ፣ እኔ ዘንድ ነው። ሲገባ ተነሳች። ሁለቱም እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፋቸው።

«ሸበትክ» አለችው።

«አንቺ አልተለወጥሽም።»

«ውሸታም!» ሳቁ።

«ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አንድ። ያንተስ?»

«ሁለት ወንዶች ናቸው። አስቸጋሪዎች።»

ፍቅርተ አቀረቀረች። «አትጠብቀኝ ብዬ ስጽፍልህ... እሺ እንድትል ጸለይኩ። እምቢ እንድትልም ጸለይኩ። የትኛው እንደተሰማልኝ አላውቅም።»

«ሁለቱም ተሰምቷል» አላት። «አምስት ዓመት እምቢ ብዬ ነበር።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሱም አልጠረገላት፤ የመጥረግ መብት እንደሌለው ያውቃል። መሐረቡን ብቻ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። ወስዳ ተጠቀመችበት።

«ደህና ነህ ግን?» አለችው።

«ደህና ነኝ። ሚስቴ ጥሩ ሰው ናት። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ።»

ብዙ ቆዩ። ሲለያዩ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፤ እንደ ዘመድ።

እሁድ ቦሌ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ የሺዋስ ሱቅ መጣ። በደህና መድረሷን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን እኮ መደወል ይቻላል» አልኩት። «ቁጥሯን ልስጥህ?»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ለአፍታ ያዘው። ከዚያ መልሶ ከተተው።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ» አለኝ።

ለልጆቹ ዳቦ ገዝቶ ወደ ቤቱ ሄደ።